«የእርዳታ ድርጅት አይደለንም»፦ ስለ 10 ብሯ ዳቦ

የአዘዞው መምህር
እሁድ ማታ በሬዲዮ የከተማችን የጎንደር ዳቦ ጋጋሪዎችና ሸማቾች ሲወያዩ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። «ዳቦው ለምን አነሰ?» ተብለው ሲጠየቁ አንድ ባለ ዳቦ ቤት «እኛ ነጋዴ ነን እንጂ የእርዳታ ድርጅት አይደለንም» ብለው መለሱ። ጠያቂውም እሺ ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

እርዳታ ማን ጠየቀ? ልጄ በየጧቱ 50 ብር ይዞ ይሄድና አምስት ዳቦ ይዞ ይመለሳል። ከመስከረም ጀምሮ ብሩም ያው፣ ቁጥሩም ያው ነው። ልጁ ግን የድርሻውን ጨርሶ እናቱ እጅ ላይ ያለውን ማየት ጀምሯል። ጎረቤቴ ቡና ስለሚነግድ ዲጂታል ሚዛን አለው። መስከረም ላይ እንዲያው ለወሬ አምስቱን አንድ ላይ ስናስቀምጣቸው 420 ግራም ነበሩ። ትናንት ጧት በዚያው ሚዛን 340 ሆኑ። የጎደለው የመስከረሟ አንዷ ዳቦ ናት። አምስት እየቆጠርኩ አራት ነው የምገዛው ማለት ነው። ዋጋ ጨመርን ቢሉኝ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን እንመክር ነበር፤ አንዱን ቀን ቆሎ፣ አንዱን ቀን ዳቦ እንል ነበር። ምክሩን ያለ እኛ ጨርሰውታል።

ሦስተኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ
መምህር፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። ሰውየው ያሉት ቃል ይቆረቁር ይሆናል እንጂ ሐሰት የለበትም። ነጋዴ የሚነግደው ለትርፍ ነው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ይህን ሲያስረዳ ምሳሌ ካደረጋቸው ሰዎች አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ራታችንን የምናገኘው ከእሱ ቸርነት ሳይሆን የራሱን ጥቅም በማሰቡ ነው ይላል። ትርፍ ከሌለው ነገ ምድጃው አይነድም፣ ያኔ 340 ግራሙም የለም። ዳቦ ቤቱ ካልተስማማዎት ሌላ ዳቦ ቤት መሄድ ይችላሉ። አሳናሹ ደንበኛ ሲያጣ ራሱ ያስተካክላል።

ከሳሙና በር
ሌላ ዳቦ ቤት የት ነው? እኛ ሰፈር ሦስት አሉ፤ ሦስቱም ያሳነሱት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ስሚዝን ከጠቀስክ ደግሞ ሙሉውን ጥቀስ። የአንድ ሙያ ሰዎች ለጨዋታ እንኳ ሲሰበሰቡ ወሬያቸው የሚያልቀው በሕዝብ ላይ በመዶለት ወይም ዋጋ የሚያስወድድ ዘዴ በመፈለግ ነው ብሎ የጻፈው እሱ ራሱ ነው።

ባለ ምድጃው
ዳቦ ቤት አለኝ፣ ስሜን አልናገርም። በሬዲዮ የተናገሩት እኔ አይደለሁም፤ ሰውየው ግን የተናገሩት የሁላችንንም ብሶት ነው።

ብር በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 በላይ ወጣ። እርሾ ከውጭ ነው፣ የማቡኪያው ቀበቶና ሞተር ከውጭ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አስነሳለሁ፣ ናፍጣውን ከየት እንደማገኘው እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዱቄቱ በአዲስ ዋጋ ይመጣል። ሦስት ልጆች ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምረው ሊጥ ያቦካሉ፣ ደመወዝ ጨምርልን ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው።

«ዋጋ ለምን አትጨምርም?» ላላችሁ ጨምሬ አይቻለሁ። አምና 2 ብር ጨምሬ በትልቁ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በሁለተኛው ቀን ተቆጣጣሪዎች መጥተው አሸጉብኝ። ዘጠኝ ቀን ተዘጋሁ። የተቦካው ሊጥ እዚያው ውስጥ ኮምጥጦ ገነፈለ፤ ስከፍተው የነበረው ሽታ እስካሁን አይለቀኝም። ዳቦው ሲያንስ ግን የመጣብኝ ሰው የለም። እናንተ ብትሆኑ የቱን ታደርጉ ነበር?

የአዘዞው መምህር
ወንድሜ፣ ስለታሸገብህ ከልቤ አዝናለሁ። ጽፈህ መለጠፍህም ያስከብርሃል። ግን ያልከውን መልሰህ አንብበው። በግልጽ ስትጨምር ተቀጣህ፣ በስውር ስትቀንስ የሚነካህ ጠፋ፣ ስለዚህ በስውር ቀነስክ። ተቆጣጣሪው የበደለህን በደል ወደ እኔ ልጅ አሻገርከው እኮ። ልጁ ምን አደረገ?

ባለ ምድጃው
«በስውር» የምትለው ቃል ትከብደኛለች። ዳቦው መደርደሪያ ላይ ነው፣ ሰው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ ይገዛል። ሚዛንህንም ተጠንቀቅበት። 100 ግራም ሊጥ ከምድጃ ሲወጣ ከ10 እስከ 13 ግራም ውኃ በእንፋሎት ይሄድበታል። ትኩሱን ስትመዝንና አድሮ ስትመዝነውም አንድ አይሆንም።

የአዘዞው መምህር
መስከረም ላይም ምድጃው ያው ነበር፣ ሰዓቱም ያው ነበር፣ ሁለቱንም ቀን ትኩሱን ነው የመዘንኩት። 80 ግራም በእንፋሎት አልሄደም።

የአዲስ ዓለሟ
እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ፣ የነጋዴም የልጅ ልጅ ነኝ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቅዳሜ ገበያ እህል ይሰፍር ነበር። ትርፍ ነውር ነው ሲል ሰምቼው አላውቅም። ትርፍ ሐላል ነው፣ እኛን ያሳደገበትም ያ ነው። ግን ቁናውን ሞልቶ፣ በእጁ አስተካክሎ፣ ከሰጠ በኋላ አንድ እፍኝ ሳይመርቅ ገዢ አይሸኝም ነበር። ለምን ትመርቃለህ ስለው «ሳላውቅ አጉድዬ እንደሆነ ትሙላልኝ» ይለኝ ነበር። ቁርኣኑ «ለሰላቢዎች ወዮላቸው» ይላል፣ ለራሳቸው ሲያሰፍሩ ሞልተው፣ ለሰው ሲሰፍሩ ለሚያጎድሉት። ክርስቲያን ወንድሞቼም ቤት «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይባላል። ስለዚህ ባለ ምድጃው ወንድሜ፣ ክርክሩ አትርፍ አታትርፍ አይደለም። «የእርዳታ ድርጅት አይደለንም» ያሉት ሰው ማንም ያልጠየቃቸውን ነው የመለሱት።

ከሳሙና በር
እትዬ፣ እጅዎን ልሳም! ማንም ያልጠየቃቸውን ነው የመለሱት። የጠየቅነው ሚዛን ነው፣ የመለሱት ስለ ምጽዋት ነው። ገንዘብ ከፍዬ የገዛሁትን ዳቦ «እርዳታ» ብሎ መጥራት እኔን ለማኝ ማድረግ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ
ሃይማኖቱን አከብራለሁ፣ ግን ኢኮኖሚ በስብከት አይመራም። ሰውየው በአጭሩ የተናገሩትን ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1970 በኒውዮርክ ታይምስ በሰፊው ጽፎታል። የንግድ ድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነቱ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ትርፉን ማሳደግ ነው ይላል። ድሃን መደገፍ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ለዚያ ነው ግብር የምንከፍለው። ዳቦ ጋጋሪው የመንግሥትን ሥራ እንዲሠራ ከጠየቅነው ሁለቱንም ያበላሻል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሰውየው ጥፋት የቱ ጋ ነው?

ከሳሙና በር
አሁንም ግማሹን ነው የጠቀስከው። የፍሪድማን ዓረፍተ ነገር እዚያ ላይ አያልቅም። በጨዋታው ሕግ ውስጥ እስካለ ድረስ ይልና፣ ያም ማለት በግልጽና በነጻ ውድድር፣ ያለ ማታለልና ያለ ማጭበርበር ብሎ ነው የሚጨርሰው። ማስታወሻ ደብተርህ ላይ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው እንዴ የጻፍከው?

ሦስተኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ
ሙሉውን አውቀዋለሁ። ማታለል ማለት 100 ግራም ነው ብሎ 68 መስጠት ነው። ዳቦ ቤቱ ስንት ግራም ነው አለ? ምንም አላለም። «ዳቦ፣ 10 ብር» ነው ያለው፣ ዳቦም ሰጠ። ዝም ማለት ማታለል አይደለም።

የአዘዞው መምህር
ልጄ፣ ሰው ከመስከረም እስከ ጥር በየጧቱ አንድ ነገር ሲሰጥህ ከርሞ አንድ ቀን ሌላ ነገር በዚያው ስም ቢሰጥህ ዝምታው ምንድን ነው? ስሙን ያልቀየረው ለምንድን ነው? ዋጋውን ያልነካው ለምንድን ነው? እንዳላይ ነው። እንዳላይ የተደረገ ነገር ምን ይባላል?

ባለ ምድጃው
እውነቱን ልናገር፣ ከተናገርኩ በኋላ ስደቡኝ። ሊጡ ሲቀነስም ዳቦው እኩል እንዲመስል ማድረግ ይቻላል። እርሾውን ትንሽ ከፍ ታደርጋለህ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ረዘም አድርገህ ታቆየዋለህ፣ ይነፋል። በጣትህ ስትጫነው ጣትህ የገባበት ጎድጉዶ ይቀራል፣ ተመልሶ አይነሳም። ሲቆርሱት ውስጡ ሰፋፊ ቀዳዳ ነው። በዓይን ግን ያው ዳቦ ነው። ሁላችንም አድርገነዋል። እኔም አድርጌዋለሁ። «በዓይኑ አይቶ ይገዛል» ያልኩትን አንሻለሁ፤ መምህር በዚህ እውነት አላቸው። የታሸግኩበትን ዘጠኝ ቀን ግን አላነሳም።

ከሳሙና በር
ይኸው! ተማሪው፣ ማታለል የት ነው ብለህ ስትጠይቅ ነበር፤ ባለቤቱ ራሱ ነገረህ።

ጡረተኛው
ልጆች፣ ነጋዴውን ለመስቀል ከመቸኮላችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። ትርፍን ወንጀል ያደረገውን የደርግን ዘመን ኖሬያለሁ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ይጥላል፣ ገበሬው በተቆረጠ ዋጋ ያስረክባል፣ ነጋዴው እህል ይዞ ኬላ ላይ ከተገኘ ይወረሳል። በአህያ ሌሊት ሌሊት ጥሻ ለጥሻ ነበር ጤፍ የሚገባው። ቀበሌ ሱቅ ለስኳርና ለሳሙና በደብተር እንሰለፋለን፣ ተራችን ሲደርስ «አልቋል»። የዳቦ ሰልፍ ላይ እናቴን ቆማ ስትወድቅ አይቻለሁ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኬላው ሲነሳ ነው እህል እንደ ልብ ማየት የጀመርነው። ያን ጊዜ ክብደቱን የሚከራከር ሰው አልነበረም፣ ዳቦው ራሱ አልነበረማ። ባለ ምድጃው ያጠፋውን ነገረን፣ ይበቃል። በሩን ካሸጋችሁበት ነገ ሌላ አይከፍትም።

የአዘዞው መምህር
ጋሼ፣ በሩ ይታሸግ ያልኩት እኔ አልነበርኩም። የሚገርመኝ ግን ሁልጊዜ ሁለት ነገር ብቻ የሚቀርብልን ነው፤ ወይ የቀበሌ ሱቅ፣ ወይ እንደፈለገ ያጉድል። የእትዬ አባት በየትኛው ነበሩ? በሁለቱም አልነበሩም።

የቀድሞ ተቆጣጣሪ
በንግድ ቁጥጥር ሥራ ላይ ስድስት ዓመት ነበርኩ። ባለ ምድጃው ያለው ሐቅ ስለሆነ ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ሕጉ ባዶ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ ዋጋ መለጠፍን ያዛል፣ ዕቃ መደበቅን ይከለክላል። እኛ ግን ስንወጣ የምንይዘው የዋጋ ዝርዝር ነበር። ዋጋ በዓይን ይታያል፣ ተጽፏል፣ ለሪፖርት ይመቻል። ሚዛን ይዘን የወጣንበትን ቀን በጣቴ ልቆጥረው እችላለሁ። ስለዚህ ዋጋ የጨመረውን ያዝን፣ ያሳነሰውን አለፍን። ይህን በማድረጋችን እንዲያሳንስ ያስተማርነው እኛ ነን። ሐሳቤን ስናገር «ሚዛኑ የሌላ ክፍል ሥራ ነው» ተባልኩ።

በ2003 ዓ.ም. በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲወጣም ያየነው ይህንኑ ነው። ስኳርና ዘይት ከመደርደሪያ ጠፋ፣ ወደ ጓዳ ገባ፣ ለሚያውቁት ሰው ብቻ ወጣ። ዓመቱ ሳያልቅ ከአብዛኛው ሸቀጥ ላይ ተነሳ። ጣሪያውን የከፈለው ድሃው ነው፤ ጓዳ የሚገባ ዘመድ ስለሌለው።

ሦስተኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ
ያልኩት ይኸው አይደለም እንዴ? ዋጋውን ተዉት፣ ግልጽ ይሁን፣ ማንም አያጎድልም።

ከሳሙና በር
ያልከው ይህን አይደለም። ያልከው «ጥፋቱ የቱ ጋ ነው» ነው። ቃልህን አትቀይር።

የዳባት ልጅ
ጎበዝ፣ እኔን አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ከመምህር እስከ ተማሪው ሁላችሁም የምትነታረኩት ስለ ዳቦ ቤቱ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። አባቴ ስንዴ ያመርታል። ማዳበሪያውን በዱቤ ይወስዳል፣ እዳው የሚደርሰው ልክ እህል በሚወቃበት ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል። ደላላው መጋዘን ሞልቶ ክረምት ድረስ ይጠብቃል። ሰኔ ላይ አባቴ ራሱ የሸጠውን ስንዴ ከጥሩ ጭማሪ ጋር ለዘር መልሶ ይገዛል። የካቲት 2015 ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ ተብሎ በቴሌቪዥን ስናይ አባቴ «የእኔስ ስንት ገባ?» ነው ያለው። በመጋዘንና በፋብሪካ መካከል የሚቀረውን የሚጠይቅ የለም፣ ምክንያቱም እነዚያ ሬዲዮ ላይ አይቀርቡም። ባለ ምድጃው ስሙን ባይናገርም እዚህ መጥቶ አጠፋሁ አለ። ከእነዚያ ውስጥ የመጣ አለ?

ባለ ምድጃው
የዳባቱ ወንድሜ፣ አንጀቴን ነው ያገኘኸው። ዱቄት ስገዛ ደረሰኙ ላይ የሚጻፈውና እኔ የምከፍለው አንድ አይደለም። ብናገር ነገ ዱቄት አላገኝም።

ነባር ጎንደሬ
የድሮ የጎንደር ነጋዴ እንዲህ አልነበረም። ነጋድራስ ይሾምበት፣ ይሉኝታ ያውቅ ነበር። ዛሬ ከየትም የመጣው ሱቅ ከፍቶ ነው ያበላሸን።

የአዲስ ዓለሟ
ይህን ንግግር እኔ ፊት አታንሳው። ጎንደር በነገሥታቱ ዘመንም የቆመችው ከመተማም፣ ከምጽዋም በሚመጣ ነጋዴ ነው። የእኔ ቅድመ አያቶችም በዚያው መንገድ የመጡ ናቸው። «ከየትም የመጣ» ማን ነው?

ነባር ጎንደሬ
እትዬ፣ እርስዎን ማለቴ አይደለም። ይቅርታ። ስለ ይሉኝታ ነበር የምናገረው።

የዳባት ልጅ
ይሉኝታ የሚኖረው ገዢና ሻጭ ሲተዋወቁ ነው፣ ከየት መጣህ ስለተባለ አይደለም። ደላላው አባቴን አያውቀውም፣ አባቴም ዳቦውን ማን እንደበላው አያውቅም። መሐል ላይ የሚያፍር ሰው የለም።

የአዘዞው መምህር
ታሪክ ስለማስተምር አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝ አገር ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመታት የዳቦ ሕግ ነበር። የዳቦው ዋጋ ይቆረጣል፣ ክብደቱ ግን ከስንዴው ዋጋ ጋር በታወቀ ሠንጠረዥ ይወርዳል፣ ይወጣል። ስንዴ ሲወደድ ዳቦው ያንሳል፣ ግን ሁሉም ሰው ዛሬ ስንት መመዘን እንዳለበት ያውቃል። ከዚያ በታች የጋገረ ይቀጣል፣ በአደባባይ ይዋረዳል። ጋጋሪዎቹ ቅጣቱን ፈርተው ለአንድ ደርዘን 13 ዳቦ ይሰጡ ነበር ይባላል። እትዬ፣ የአባትዎ እፍኝ ናት እኮ ይህቺ! ስለዚህ ዳቦው አያንስ እያልኩ አይደለም። ስንዴው ከተወደደ ይነስ። ግን «ዛሬ የ10 ብር ዳቦ 68 ግራም ነው» ብላችሁ ግድግዳው ላይ ጻፉልኝ። የምለምነው ይህን ብቻ ነው።

ባለ ምድጃው
መምህር፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን ምድጃ ላይ ቆመው ይዩት። እኔ 68 ብዬ ብጽፍ፣ ከጎኔ ያለው ዝም ብሎ 62 ቢሸጥ፣ ሰው የእኔን ጽሑፍ አይቶ «ይሄ አሳነሰ» ብሎ ወደ እሱ ይሄዳል። እውነት የጻፈ ይከስራል። አምና ጽፌ የደረሰብኝን ነግሬያችኋለሁ። ሁላችንም በአንድ ቀን ካልጻፍን የመጀመሪያው ይሞታል።

ሦስተኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ
ይህን ነጥብ እቀበላለሁ። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ ጥሩውን የሚሸጠው ከገበያ ይወጣል፣ ትምህርታችንም ላይ አለ። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን የሚያስጽፍ አካል ያስፈልጋል። ግን አሁንም ቢሆን ጥፋቱ ትርፍ መፈለጉ አይደለም፣ የመረጃ መጉደሉ ነው። «የእርዳታ ድርጅት አይደለንም» የሚለውም ትክክል ነው።

ከሳሙና በር
መረጃው በራሱ አልጎደለም እኮ! ያጎደለው ሰው አለ፣ ያጎደለውም ለትርፍ ነው። እርሾ ጨምሮ ሊጥ መንፋት «የመረጃ መጉደል» ነው?

ጡረተኛው
ነገሩን ቀላል አታድርጉት። መተማን ተሻግራችሁ ሱዳንን እዩ። ታኅሣሥ 2011 ላይ አትባራ የአንድ ዳቦ ዋጋ ከ1 ፓውንድ ወደ 3 ሲወጣ የተነሳው ሰው፣ ሚያዝያ ሳይጋመስ ፕሬዚዳንቱን አልበሽርን አወረደ። ከዚያ በኋላ ግን ዳቦው ረከሰ? ከዚያ ሕዝብ ስንቱ ነው በጦርነት የተሰደደው? በመተማ በኩል ወደ እኛም የገባ አለ አይደል? ዳቦ ላይ መንግሥትም፣ ነጋዴም፣ ተቆጪም ይጠንቀቅ።

የቀድሞ ተቆጣጣሪ
አንድ ሐሳብ አለኝ። በየቀበሌው አንድ ሚዛን፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ዳቦ ቤቶቹ አጠገብ ቢቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም። ሰው ገዝቶ እዚያው ይመዝን። ተቆጣጣሪ ካላመናችሁት ራሳችሁ ተቆጣጠሩ።

የዳባት ልጅ
ሚዛኑን ማን ያስተካክለዋል? ማንስ ይጠብቀዋል? በሁለት ሳምንት ይበላሻል፣ ወይ ይሰረቃል። አባቴ የሚሸጥበት ሚዛንም «የተረጋገጠ» ነው ይሉታል።

የአዲስ ዓለሟ
ታዲያ ይበላሻል ብለን አንጀምረው? በሳህን ሠፍረን ስናድር የኖርን ሰዎች ነን እኮ። እኔ ቤት ሚዛን አለ፣ ለቅመም የምጠቀምበት። ለሰፈሬ ሰው በሬ ክፍት ነው፣ ዳቦውን ይዞ ይምጣ።

ባለ ምድጃው
መምህር፣ ዛሬ ጧት አዲስ ዱቄት ገብቷል፣ ዋጋው ከባለፈው ይበልጣል። ነገ 68ን መያዝ አልችልም፣ ወይ ወደ 64 እወርዳለሁ ወይ 11 ብር እላለሁ። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ጧት 12 ሰዓት ላይ ሚዛንዎን ይዘው ይምጡና ሊጡ ሲቆረጥ ይዩ፤ ዳቦው ሲወጣ የሚመዝነውን በከሰል ግድግዳው ላይ እጽፈዋለሁ። ካሸጉኝም እርስዎ ምስክር ይሁኑኝ። የት እንደሆነ በውስጥ መስመር እነግርዎታለሁ።

የአዘዞው መምህር
እመጣለሁ። ቡና ነጋዴውንም ይዤው እመጣለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ
ይህ ጥሩ ነው። ግን አስተውሉ፣ ይህን የሚያደርገው ደንበኛ ላለማጣት ነው፣ ይኸውም ትርፍ ነው። እንዳልኩት ነው።

ከሳሙና በር
ለምን እንደሚያደርገው እሱን ጠይቀው፣ አንተ አትንገረን። እኔ ደግሞ ሬዲዮ ላይ የተናገሩት ሰውዬ መጥተው ቃላቸውን እስኪያነሱ ድረስ አልተውም። የ10 ብር ደንበኛ እንጂ ተረጂ አይደለሁም።

ሦስተኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ
ተረጂ ነህ አላሉም። «የእርዳታ ድርጅት አይደለንም» ነው ያሉት።

ከሳሙና በር
ታዲያ እርዳታን ማን አነሳው? አንድ ሰው ጥቀስልኝ።